አውቶማቲክ ሰዓትን በእጅ መሙላት

አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ አያውቅም። የሚሠራው ሞላ በሚባለው ጥምዝ ስፕሪንግ ነው። ሞላውን የሚያጠብቀው ደግሞ ያሰረው ሰው የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ውስጡ ያለችው ግማሽ ክብ ክብደት፣ ሮተር የሚሏት፣ እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ትዞራለች። እንዲህም ሆኖ አብዛኞቹ አውቶማቲኮች በጎናቸው ባለችው መሙያ በእጅም ይሞላሉ። «ራሱን የሚሞላ ከሆነ እጅ ምን ይሠራለታል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኪስ ሰዓት ነው። በስዊዘርላንዷ ለ ሎክል ይሠራ የነበረው አብርሃም ሉዊ ፔርሌ በ1770ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ራሱን የሚሞላ የኪስ ሰዓት ሠራ። ሩብ ሰዓት በእግር መሄድ ሰዓቱን ለስምንት ቀን እንደሚያስኬደው በ1777 የወጣ የጄኔቭ ዘገባ ይናገራል። የሮተሩ አባት ግን የሊዬዡ ሁበርት ሳርቶን ነው የሚሉ አሉ። በ1778 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የተመዘገበው ሥዕሉ ሮተሩን በግልጽ ስለሚያሳይ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። የማንም ይሁን የማን፣ ኪስ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰዓት ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ፈጠራው ለረጅም ጊዜ ገፍቶ አልሄደም።

የእጅ ሰዓት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። እንግሊዛዊው ሰዓት ሰሪ ጆን ሃርዉድ አቧራና እርጥበት ወደ ሰዓት የሚገባው በመሙያዋ ቀዳዳ በኩል መሆኑን ተገነዘበ። መፍትሔው ቀላልና ደፋር ነበር፤ መሙያዋን ጭራሽ አስወገዳት። የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው በ1923 ነው። ክብደቷ ሙሉ ክብ አትዞርም፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ከስፕሪንግ ጋር ትላተማለች። ሰዓቱን ለማስተካከል በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ማዞር ያስፈልጋል። ሲሞላ 12 ሰዓት ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው አውቶማቲክ የእጅ ሰዓት በእጅ የማይሞላ ነበር ማለት ነው! ማታ ያወለቀው ሰው ጠዋት ቆሞ ቢያገኘው፣ ማወዛወዝ እንጂ ሌላ አማራጭ የለውም። የሃርዉድ ኩባንያ በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን፣ በ1931፣ ተዘጋ። ሰውየው ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

በዚያው በ1931 ሮሌክስ ሙሉ ክብ የምትዞር ሮተር ያለውን ፔርፔቹዋል አወጣ። መሙያዋም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ኤተርና በ1948 ሮተሯን በኩሽኔታ ላይ አስቀመጠ፣ የጃፓኑ ሴይኮ በ1959 ሮተሯ በየትኛውም አቅጣጫ ብትዞር ሞላውን የሚያጠብቀውን ማጂክ ሌቨር አመጣ፣ በ1969 መጨረሻ ደግሞ በባትሪ የሚሠራው ኳርትዝ ሰዓት መጥቶ ሁሉንም አናጋ።

አሁን ወደ አሞላሉ። መሙያዋ ሳትሳብ፣ በመጀመሪያው ቦታዋ ላይ እንዳለች፣ ወደ ፊት ትዞራለች። ጣት ላይ ስስ የጥርስ ስሜት፣ ጆሮ ላይ ክር፣ ክር የሚል ድምፅ ይመጣል። የቆመን ሰዓት ለማስነሳት ጥቂት ዙር ይበቃል፤ ጥሩ አድርጎ ለመሙላት እንደ ሞተሩ (የሰዓቱ ውስጠኛ ማሽን) ዓይነት ከ20 እስከ 40 ዙር ማዞር የተለመደ ነው። ሞላው ደካማ ሲሆን ሰዓቱ ትክክለኛነቱ ስለሚቀንስ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ጠዋት ጠዋት ትንሽ መሙላት ይጠቅመዋል።

«ከመጠን በላይ ሞልቼ እበጥሰዋለሁ» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። በእጅ ብቻ በሚሞላ ሰዓት የሞላው ጫፍ ስለታሰረ ሲሞላ እጅን ያቆማል። በአውቶማቲክ ግን ጫፉ ሞላውን በያዘው ክብ ማቀፊያ ግድግዳ ላይ ተጭኖ ነው የሚቀመጠው፤ ሲሞላ ይንሸራተታል። ስለዚህ «በቃ ሞላሁ» ብሎ የሚያቆም ነገር አይኖርም። ዙሩን መቁጠር የእናንተ ሥራ ነው።

ጉዳት ካለ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በእጅ ሲሞላ፣ ሮተሯን ከሞላው የሚያገናኙት ማርሾች ለጊዜው መልቀቅ አለባቸው። ዘይታቸው ከደረቀ ወይም ከቆሸሹ አይለቁም። ያኔ ጀርባው መስታወት ከሆነ ጉዱ በዓይን ይታያል፦ መሙያዋን ሲያዞሯት ሮተሯም እንደ ቬንትሌተር ትሽከረከራለች። ይህ ከታየ እጅን ሰብስቦ ወደ ሰዓት ሰሪ መሄድ ነው። በሰፊው በተሠራጨው የስዊዝ ሞተር፣ በኢቲኤ 2824-2 ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው። አንዳንዶች በዚህ የተነሳ አውቶማቲክ ጨርሶ በእጅ አይሞላ ይላሉ። በእኔ እይታ ይህ ተጋኗል፤ ሰርቪሱ ያልተጓደለ ሰዓት አልፎ አልፎ ቢሞላ ምንም አይሆንም።

ውኃ እንዳይገባ እንደ ብሎን የሚታሰሩ መሙያዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በየቀኑ መፍታትና ማሰር ጥርሱንና ጎሚኒውን ይበላል። ሲታሰር መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማዞር፣ ጥርሱ ሲገጥም ወደ ፊት ማጥበቅ ነው፤ እንቢ ካለ አለማስገደድ።

ሁሉም በእጅ አይሞላም። በ1996 የወጣው የሴይኮ 7ኤስ26፣ እጅግ ጠንካራና ብዙ ያገለገለ ሞተር፣ መሙያዋን ቢያዞሯት ምንም አይሞላም። በኋላ የመጣው 4አር36 ይሞላል። በ7ኤስ26 ለሚሠራ ሰዓት፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይዞ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ጎንና ወደ ጎን ማወዛወዝ ነው፤ የሰከንዱ ቆጣሪ መሄድ ሲጀምር ሰዓቱን አስተካክሎ እጅ ላይ ማሰር።