የጥንት ግሪክ ቴአትር፦ በዓልም ውድድርም

የጥንት ግሪኮች ቴአትር ማታ ትኬት ቆርጠን ገብተን እንደምናየው ዓይነት አልነበረም። የሃይማኖት በዓል ነበር፤ በዓሉ ደግሞ ውድድር ነበረው። አቴንስ ውስጥ በየዓመቱ ብርዱ አልፎ መጋቢት አካባቢ ሲደርስ፣ ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ትልቅ ክብረ በዓል ይደረጋል። ሰልፍ ይወጣል፣ መሥዋዕት ይታረዳል። ከዚያ ሕዝቡ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ለተከታታይ ቀናት ተውኔት ያያል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

አጀማመሩ ጥርት ብሎ አይታወቅም። ፈላስፋው አሪስቶትል ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) የመጣው ዲቲራምብ የሚባለውን የዲዮኒሶስ መዝሙር ከሚመሩት ሰዎች ነው ይላል። ዲቲራምብን 50 ሰዎች ክብ ሠርተው እየጨፈሩ ይዘምሩታል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ቴስፒስ የተባለ ሰው ከመዘምራኑ ተነጥሎ እንደ ገጸ ባሕርይ መናገር ጀመረ፤ ለዚህም 534 አካባቢ የሚል ዓመት ይሰጣል። የተውኔት ጸሐፊው ኤስኪለስ ሁለተኛ ተዋናይ ጨመረ። ሌላው ጸሐፊ ሶፎክልስ ሦስተኛውን አመጣ። ትራጄዲ ውስጥ የሚናገሩት ተዋንያን ከዚያ በኋላም ከሦስት አላለፉም።

ሦስት ሰው ብቻ ስላለ አንዱ ተዋናይ በአንድ ተውኔት ውስጥ ንጉሥም፣ መልእክተኛም፣ ንግሥትም ይሆናል። ተዋንያኑ ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ይህን የሚያስችለው ጭንብሉ ነው። ጭንብሎቹ እንደ ጨርቅ ካለ በቀላሉ ከሚበሰብስ ነገር ይሠሩ ስለነበር ተዋንያኑ ካጠለቋቸው አንድም አልተረፈም፤ መልካቸውን የምናውቀው በሸክላ ዕቃዎች ላይ ከተሳለው ነው። ጭንብሉ ድምፅ ማጉያ ነበር የሚል ወሬ ብዙ ቦታ ይነበባል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ተዋናዩን ረጅም የሚያስመስለው ወፍራም ጫማም ከዘመናት በኋላ የመጣ ነው።

ለዛሬ ተመልካች በጣም እንግዳ የሚሆኑት መዘምራኑ ናቸው። በትራጄዲ መጀመሪያ 12፣ በኋላ 15 ነበሩ፤ በኮሜዲ (በአስቂኝ ተውኔት) 24። አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ከገቡ እስከ መጨረሻው ከመጨፈሪያው ሜዳ አይወጡም። እየዘፈኑና እየጨፈሩ ይመክራሉ፣ ይፈራሉ፣ ያለቅሳሉ። ሙያተኞች አልነበሩም፤ ተራ የከተማው ዜጎች ናቸው። ለወራት የሚያሠለጥናቸውንና የሚያለብሳቸውን ገንዘብ የሚያወጣው ኮሬጎስ የሚባል አንድ ባለጸጋ ነው። የከተማው ሹም ይመርጠዋል፣ እሱም ይከፍላል። ግብር ነው ማለት ይቻላል፤ ካሸነፈ ግን ስሙ ይገናል። ኋላ የአቴንስ መሪ የሆነው ታዋቂው ፔሪክልስ ወጣት ሳለ በ472 ለኤስኪለስ «ፋርሳውያን» ኮሬጎስ ሆኖ ነበር።

ይህ ተውኔት እስከ ዛሬ ከደረሱን ሁሉ ጥንታዊው ነው። ከእሱ በፊት አንድ አሳዛኝ ገጠመኝ አለ። በ494 ፋርሶች የአቴንስ ወዳጅ የነበረችውን የሚሌጦስን ከተማ አወደሙ። ፍሪኒኮስ የተባለ ጸሐፊ ይህንኑ በተውኔት አቀረበው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚለው ተመልካቹ ሁሉ አለቀሰ፤ አቴናውያንም የራሳቸውን መከራ አስታወስከን ብለው ጸሐፊውን 1,000 ድራክማ ቀጡት። ተውኔቱም ሁለተኛ እንዳይታይ ታገደ። ኤስኪለስ በአንጻሩ ያው የፋርስ ጦርነት ላይ ሲጽፍ መድረኩን ወደ ጠላት ቤተ መንግሥት ወሰደውና የተሸናፊዎቹን ልቅሶ አሳየ። ራሱ ማራቶን በተባለው ቦታ ከፋርሶች ጋር የተዋጋ ሰው ነው። እኔ በበኩሌ ከግሪክ ቴአትር ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም። ከነዚህ ውጪ የትራጄዲ ታሪክ ባብዛኛው ሁሉም ከሚያውቀው ተረት ይወሰድ ነበር።

ግድያ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ፊት አይፈጸምም። ከበር ጀርባ ጩኸት ይሰማል፣ ወይም መልእክተኛ መጥቶ የሆነውን ይተርካል። ሬሳውን ማሳየት ሲፈለግ መንኮራኩር ያለው ዝቅተኛ መድረክ በበሩ ይገፋል። አማልክትና የሚበሩ ጀግኖች ደግሞ በክሬን ይንጠለጠላሉ። የኮሜዲ ጸሐፊው አሪስቶፋንስ በዚህ ተሳልቋል፦ በ421 ባቀረበው ኮሜዲ ዋናው ገጸ ባሕርይ በትልቅ ጥንዚዛ ተሳፍሮ ወደ ሰማይ እየወጣ ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው «ተጠንቀቅ እንጂ!» ይለዋል። የትራጄዲ ጸሐፊው ዩሪፒደስ በ412 ያቀረበው «አንድሮሜዳ» ውስጥም ጀግናው ፐርሴዎስ እየበረረ ይመጣል፤ የሚያድናት ልጅ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ግሪኮች ግን «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ ባሻገር ያለውን ሰፊና ደብዛዛ ምድር ነበር የሚሉት። ተውኔቱ ጠፍቷል፤ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ውድድሩ ላይ ሦስት የትራጄዲ ጸሐፊዎች ይገናኛሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጄዲና፣ መዘምራኑ ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ ሆነው የሚያስቁበት አንድ አጭር ተውኔት ያቀርባሉ። ኮሜዲ በይፋ ወደ ውድድሩ የገባው በ486 ነው። ዳኞቹ ከ10ሩ የአቴንስ ነገዶች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ከሰጡት ድምፅም የሚቆጠረው በዕጣ የወጣው ብቻ እንደነበር ይታመናል። ጉቦን ለመከላከል መሆን አለበት። ውጤቱ ሁልጊዜ እኛን አያሳምነንም። ዛሬ ዓለም የሚያከብረው የዩሪፒደስ «ሜዴያ» በ431 ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች ሦስተኛ ወጣ።

ያኔ መቀመጫው እንጨት ነበር። የድንጋዩ የአቴንስ ቴአትር የተጠናቀቀው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሊኩርጎስ የከተማውን ገንዘብ ሲያስተዳድር ነው። ይኸው ሰው የሦስቱ ታላላቅ የትራጄዲ ጸሐፊዎች፣ የኤስኪለስ፣ የሶፎክልስና የዩሪፒደስ ተውኔቶች በይፋ ተገልብጠው እንዲቀመጡ አስወሰነ። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ጠፋ። ሶፎክልስ ከ100 በላይ ጽፎ ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ናቸው፤ የኤስኪለስም 7። አሪስቶፋንስ 11 ተርፈውለታል። የኋለኛው ዘመን የኮሜዲ ጸሐፊ ሜናንደር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በጥቅሶችና በቁርጥራጮች ብቻ ነበር የሚታወቀው። በግብፅ ፓፒረስ ላይ ተገኝቶ ከሞላ ጎደል ሙሉ የሆነው «ቁጡው ሰውዬ» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።