«ኢንች ብትሰጠው ማይል ይወስዳል»፦ የአንድ እንግሊዝኛ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ጊቭ ሂም አን ኢንች ኤንድ ሂል ቴክ ኤ ማይል» ይላሉ። ትንሽ ከፈቀዱለት ልክ ለማያውቅ ሰው የሚነገር ነው፦ አንድ ሌሊት እንዲያድር የተፈቀደለት እንግዳ ወር ሲከርም፣ አሥር ደቂቃ ስልክ የተሰጠው ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት አልመልስም ሲል። ስለ ሰውዬው ለሌላ ሰው ይባላል እንጂ ፊት ለፊት ከተናገሩት ያስቀይማል።

ጥንት ማይል አልነበረበትም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የምሳሌዎች ስብስብ ውስጥ «ኢንች ብሰጥህ ኤል ወሰድክ» በሚል መልክ ይገኛል። ኤል የጨርቅ መለኪያ ነበር፤ የእንግሊዙ 45 ኢንች፣ ማለትም 114 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስሙም እንደኛው ክንድ ከሰው ክንድ የመጣ ነው። ኋላ ኤል ከገበያ ሲጠፋ ማይል ቦታውን ያዘ። አንድ ማይል 63,360 ኢንች ስለሆነ ግነቱ ከ45 እጥፍ ወደዚያ ተመነጠቀ።

የአባባሉን ጭካኔ ያሳየው ከባርነት አምልጦ ጸሐፊና የባርነት ተቃዋሚ የሆነው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በባርነት ሳለ ባልቲሞር ውስጥ እመቤቱ ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባልዋ ይህን ሲሰማ ከለከላት፤ ለባሪያ ኢንች ከሰጠሽው ኤል ይወስዳል አላት። ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነገሩን ገለበጠው፦ ፊደሉ ኢንቹ ነበር፣ ኤሉን ከመውሰድ ግን ምንም ሊያግደኝ አልቻለም አለ። ለጌታው ስጋት የነበረው ለእሱ የነፃነት መንገድ ሆነ።

አሁን ወደ ሰዋስዉ። «ጊቭ» ትእዛዝ ይመስላል፤ ስጥ ያለ ግን የለም። ትእዛዝ፣ «ኤንድ» እና «ዊል» («ሂል» የ«ሂ ዊል» አጭር ነው) ሲከታተሉ የፊተኛው ሐረግ ቅድመ ሁኔታ ይሆናል፤ «ኢፍ» መጥራት አያስፈልግም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል «ቢ» በግሱ ላይ ተለጥፋ የምትሠራውን ሥራ እዚያ «ኤንድ» ይሸከመዋል። «ኢፍ» ከገባ ደግሞ «ዊል» ከኋለኛው ሐረግ ጋር ብቻ ይሄዳል፤ «ኢፍ ዩ ዊል ጊቭ ሂም» የሚለው የብዙ ተማሪ ስህተት ነው። «ኤንድ» በ«ኦር» ከተተካ ሁኔታው አሉታዊ ይሆናል፦ «ሀሪ ኦር ዩል ሚስ ዘ በስ» ማለት ካልፈጠንክ አውቶቡሱ ያመልጥሃል ነው።

መንገድ ሲያመላክቱም ይኸው ነው፦ «ወክ ቱ ማይልስ ኤንድ ዩል ሲ ዘ ሪቨር»፣ ሁለት ማይል ከሄድክ ወንዙን ታያለህ። አንዳንዴ ግሱ ራሱ ይቀርና ርቀቱ ወይም ሰዓቱ ብቻውን ቅድመ ሁኔታ ይሆናል። «አነዘር ማይል ኤንድ ዊ ዊል ቢ ዜር» አንድ ማይል ከጨመርን እንደርሳለን ማለት ነው። «ፋይቭ ሞር ሚኒትስ ኤንድ አይ ዉድ ሃቭ ሚስድ ዘ ትሬን» ደግሞ አምስት ደቂቃ ብዘገይ ኖሮ ባቡሩ ያመልጠኝ ነበር ነው። «ዊል» ካለ በ«ከ»፣ «ዉድ ሃቭ» ካለ በ«ብ… ኖሮ» መተርጎም ነው። በፈጣን ንግግር «አይ ዉድ ሃቭ» ተጨፍልቆ «አይደቭ» ስለሚሆን ብዙ አድማጭ ይስተዋል፤ ተናጋሪው ባቡሩ ያመለጠው ይመስለዋል፣ ሰውዬው ግን ተሳፍሯል።