«ሌኒን ኪቺ»፦ የሶቪየት ኮርያውያን ሥነ ጽሑፍ ያደገበት ጋዜጣ

«ሌኒን ኪቺ» በሶቪየት ኅብረት ለሚኖሩ ኮርያውያን በቋንቋቸው ይታተም የነበረ ጋዜጣ ነው። ዛሬ «ኮርዮ ኢልቦ» ተብሎ በካዛኪስታን፣ በአልማቲ ከተማ ይወጣል። ራሳቸውን «ኮርዮ ሳራም» የሚሉት እነዚህ ሰዎች በኮርያኛ የጻፉት ሥነ ጽሑፍ ከዚህ ጋዜጣ ተነጥሎ አይታይም። ለብዙ ደራሲዎቻቸው ሌላ አሳታሚ አልነበረምና።

ታሪኩ የሚጀምረው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነው። በ1919 (እ.ኤ.አ.) በኮርያ በጃፓን አገዛዝ ላይ የተነሣውን የማርች 1 ንቅናቄ ለማሰብ፣ ማርች 1 ቀን 1923 በቭላዲቮስቶክ አንድ ጋዜጣ ተቋቋመ፤ ኋላም «ሰንቦንግ» ተባለ። በ1928 ከኮርያ የተሰደደው ደራሲ ቾ ምዮንግ ሂ ግጥሞቹን እዚያ አወጣ፣ ወጣት ጸሐፊዎችንም ኮተኮተ። በ1937 ታሰረ፤ በዓመቱ ተገደለ።

እሱ በታሰረበት ዓመት የስታሊን መንግሥት 172,000 ያህል ኮርያውያንን በባቡር እየጫነ ወደ ካዛኪስታንና ኡዝቤኪስታን አጋዛቸው። በሜይ 1938 በ«ሰንቦንግ» ምትክ «ሌኒን ኪቺ» በካዛኪስታኗ ከተማ በክዚሎርዳ መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት ግን የኮርያኛ ትምህርት ቤቶች በሩሲያኛ እንዲያስተምሩ ተወሰነ። ልጆች ቋንቋውን በክፍል ውስጥ የማይማሩበት ዘመን ሲመጣ፣ በሕዝብ ፊት ኮርያኛ የሚጻፍባቸውና የሚነገርባቸው ዋና ተቋማት ጋዜጣውና በ1932 የተመሠረተው የኮርያ ቴአትር ሆነው ቀሩ።

የጋዜጣው የሥነ ጽሑፍ ገጽ ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድና ሂስ ያስተናግድ ነበር፤ ረዘም ያለ ሥራ በተከታታይ ይወጣል። ከአዘጋጆቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ደራሲዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሞስኮ ሲማሩ ቆይተው ወደ ሰሜን ኮርያ አንመለስም ያሉ ወጣቶች ለገጹ አዲስ ኃይል ሆኑለት። ከእነሱ አንዱ ሐን ጂን በጋዜጣው ሠርቶ ወደ ቴአትሩ ተሻግሯል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ዝምታ ነበር። የጋዜጣው ባለቤት ኮሙኒስት ፓርቲው ስለነበር መከሩና ሌኒን ሲወደሱ ግዞቱ በስሙ አይጠራም ነበር። እነዚያን የውዳሴ ግጥሞች ዛሬ መናቅ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ኮርያኛ የጽሑፍ ቋንቋ ሆኖ የቆየው በእነሱም ጭምር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳንሱሩ ሲላላ፣ ስለ ግዞቱ ለመጻፍ የሚችል ብዕር የተገኘው ገጹ ሳይታጠፍ በመኖሩ ነው። ሐን ጂንም በዚያን ጊዜ የግዞቱን ዘመን ፍርሃትና ከጥፋት የተረፉ የኮርያኛ መጻሕፍትን በልብ ወለድ ተረከ።

ጋዜጣው በ1991 የአሁኑን ስሙን ያዘ። ወጣቶቹ የሚያነቡት ሩሲያኛ በመሆኑ በሁለት ቋንቋ ይወጣል፤ የሩሲያኛው ድርሻም ሰፍቷል። በካዛኪስታን በ1939 የተወለደው አናቶሊ ኪምን የመሰሉ ደራሲዎችም ዝናቸውን ያገኙት በሩሲያኛ ነው። በኮርያኛ ከተጻፈው ብዙው በመጽሐፍ ስላልታተመ፣ የደቡብ ኮርያ ተመራማሪዎች ዛሬ የሚለቅሙት ከአሮጌዎቹ የጋዜጣ ጥራዞች ነው።