የመንገድ «ፍላጎት» በጀት አይደለም

የመንገድ ፍላጎት ጥናት ላይ የሚጠቀሰው የገንዘብ መጠን ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ግን የተመደበ ብር አይደለም። መንገዶቹን ሁሉ ደህና ደረጃ ላይ ለማድረስና እዚያው ለማቆየት የሚያስፈልገው ወጪ ግምት ነው። ካዝና ውስጥ ያለው ሲቀነስበት የሚቀረው ጉድለት ይባላል።

በብዙ ቦታ ባለሙያዎች የአስፋልቱን ስንጥቅና ጉድጓድ ለክተው ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 100 እንከን የለሽ ማለት ነው። ሰው የሚናደደው ግን ከዚህ በኋላ ነው፦ በጣም የተበላሸው መንገድ ሁልጊዜ ቅድሚያ አያገኝም! ገና ደህና የሆነውን በጊዜ መጠገን ርካሽ ነው። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ መሠረቱን ካዳከመው አፍርሶ እንደገና መሥራት ይመጣል፤ ወጪውም ብዙ እጥፍ ነው። የአካባቢ መንገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በተሽከርካሪ ብዛት ብቻ ከተመዘነ ሁሌም ከአውራ ጎዳናው ኋላ ይቀራል።