ግስላው የማን ነው? ስለ 761ኛው ታንከኛ ሻለቃ የሚነገሩ ስህተቶች

በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት መንግሥታዊው ታርጋ የሚጠየቀው ከኋላ ብቻ ነው። አትላንታ ውስጥ መኪና የሚነዳ ኢትዮጵያዊ እንደሚያውቀው፣ የመኪናው ፊት ባለቤቱ የሚወደውን የሚሰቅልበት ቦታ ነው። አንዱ ባንዲራ፣ ሌላው የኳስ ቡድኑን ዓርማ ይሰቅላል። ከእነዚህ የጌጥ ታርጋዎች መካከል አፉን የከፈተ ጥቁር ግስላና «761» የሚል ቁጥር ያለበትን የሚመርጡ አሉ። ይህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የ761ኛው ታንከኛ ሻለቃ ምልክት ነው፤ ታንከኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ብዙ ሰው ያከብራቸዋል፤ ስለ እነርሱ የሚወራው ግን በስህተት የተሞላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ግስላው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ምልክት ነው።»

አይደለም። ስሙ «ጥቁር ግስላ» ማለት የሆነው ይህ የጥቁሮች መብት ታጋይ ፓርቲ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው በ1966 ነው። ሻለቃው የተቋቋመው ደግሞ ኤፕሪል 1 ቀን 1942 ሉዊዚያና ውስጥ ነው። ግስላው ከፓርቲው ቀድሞ የታንከኞቹ ምልክት ነበር።

«ታርጋውን መስቀል የሚችለው የቀድሞ ወታደር ብቻ ነው።»

የአገልግሎት ማስረጃ የሚጠየቅበት ግዛቶች ራሳቸው ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጡት ልዩ ታርጋ ነው። የጌጡን ማንም ገዝቶ ይሰቅላል። ነገር ግን ሕጋዊውን አይተካም፤ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከፊትም ከኋላም መንግሥታዊው ታርጋ ግዴታ ነው።

«የመጀመሪያው የጥቁሮች ታንከኛ ሻለቃ ነው።»

በምሥረታ 758ኛው በ1941 ቀድሞታል። 761ኛው የቀደመው ወደ ውጊያ በመግባት ነው።

«ጄኔራል ፓተን ከልቡ አምኖባቸው ጠራቸው።»

የአሜሪካ 3ኛ ጦር አዛዥ የነበረው ፓተን ኖቬምበር 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ፊታቸው ቆሞ፣ ጎበዞች ባይሆኑ ኖሮ እንደማይጠራቸው ነግሯቸዋል። በግል ጽሑፉ ግን ጥቁር ወታደር ለታንክ ውጊያ የሚያስፈልገው ፈጣን አስተሳሰብ የለውም የሚል እምነቱን አስፍሯል። ሻለቃው ለዚህ የመለሰው በሥራ ነው፤ 183 ቀን ያህል በግንባር ቆይቶ፣ ፈረንሳይንና ቤልጂየምን አልፎ፣ የጀርመንን የዚግፍሪድ ምሽግ መስመር ሰብሮ ኦስትሪያ ድረስ ዘለቀ። ፊት ለፊት የተነገረውን ብቻ እየጠቀስን የተጻፈውን የምንተው ከሆነ፣ የታንከኞቹን ሸክም ግማሹን እንደብቃለን።

«ጃኪ ሮቢንሰን አብሯቸው አውሮፓ ዘምቷል።»

በ1947 የነጮች ብቻ የነበረውን የከፍተኛውን የቤዝቦል ሊግ የዘር አጥር የሰበረው ሮቢንሰን በእርግጥ የዚህ ሻለቃ ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1944 ቴክሳስ፣ ካምፕ ሁድ ውስጥ የአውቶቡስ ሾፌር ወደ ኋላ ሄደህ ተቀመጥ ሲለው እምቢ አለ። የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ፖል ቤትስ ነጭ ነበሩ፤ ሮቢንሰን በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንዲከሰስ ፈርሙ ሲባሉ አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ ወደ 758ኛው አዛውረው ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበተው፤ ይሁን እንጂ ሻለቃው ኦክቶበር 10 ቀን ኖርማንዲ ሲወርድ እርሱ አብሮ አልነበረም። የሮቢንሰን ውጊያ የተካሄደው እዚያው በአገሩ ነው፤ ለእኔ ከግንባሩ አያንስም።

«ዳካውንና ቡኬንዋልድን ነጻ ያወጡት እነርሱ ናቸው።»

ሁለቱም ጀርመን ውስጥ የነበሩ የናዚ ማጎሪያ ካምፖች ናቸው። ይህ ስህተት በ1992 በቀረበ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ተስፋፋ፤ የታሪክ ሰዎችና የሻለቃው አባላት ጭምር ተቃውመውት ፊልሙ ከስርጭት ወጣ። ቡኬንዋልድ የደረሰው 6ኛው ብረት ለበስ ክፍለ ጦር፣ ዳካው የደረሱት ደግሞ 42ኛውና 45ኛው እግረኛ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። 761ኛው በሜይ 1945 መጀመሪያ ከ71ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ የሄደው ኦስትሪያ ውስጥ ወደነበረው የጉንስኪርኸን ማጎሪያ ካምፕ ነው። እዚያ በረሃብና በታይፈስ የሚያልቁ፣ አብዛኞቹ የሃንጋሪ አይሁዳውያን የሆኑ እስረኞች ነበሩ። የጉንስኪርኸን ስም እምብዛም ስለማይታወቅ ብቻ ታዋቂ ስም መለጠፍ፣ እዚያ የነበሩትን ሰዎች ሁለተኛ መርሳት ነው።

«ከጦርነቱ ሲመለሱ ተሸለሙ።»

ሻለቃው የፕሬዚዳንቱን የክብር ምስክርነት ያገኘው በ1978 በጂሚ ካርተር ዘመን ነው። የሃምሳ አለቃ ሩበን ሪቨርስ ሽልማት ደግሞ ከዚያም ዘገየ። የኦክላሆማው ሪቨርስ ኖቬምበር 16 ቀን 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ታንኩ ፈንጂ ረግጦ እግሩ እስከ አጥንቱ ድረስ ተሰነጠቀ። ማስታገሻም ወደ ኋላ መመለስም አልፈልግም ብሎ ሌላ ታንክ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን የጀርመን ፀረ ታንክ ጦር ተኩስ ሲከፍት ጓዶቹ እንዲያፈገፍጉ ታዘዙ፤ እርሱ ግን በሬዲዮ «አየኋቸው፤ እንዋጋቸዋለን!» አለ። ሌሎቹ እስኪሸሸጉ እየተኮሰ ሳለ ታንኩ ተመታና ሞተ። ነጩ አዛዡ ለአሜሪካ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳሊያ አጩት፤ ሜዳሊያው የተሰጠው ጃንዋሪ 13 ቀን 1997 ነው።