በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ምንድን ነው?

እህቴ ሦስተኛ ወሯ ላይ ድሬዳዋ አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ገባች። ሐሳቧ የጽንሱን የልብ ምት ሰምታ መውጣት ነበር። ባለሙያው ሲለካ ቆይቶ "የጽንሱ ማጅራት ላይ ያለው ውሃ ወፈር ብሏል፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልግሻል" አላት። ምን እንደሚለካ ቀድሞ የነገራት የለም። እሷም አልጠየቀችም። ነጭ ጋዎን የለበሰን ማን ይጠይቃል?

እዚህ ጋ የጎደለው ነገር በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ይባላል። ብዙ ሰው ቅጽ ላይ መፈረም ይመስለዋል። ፊርማ ማስረጃ ነው እንጂ ፈቃዱ አይደለም። ፈቃድ ማለት እናት ምርመራው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚያመልጠውና ከውጤቱ በኋላ ምን እንደሚከተል ገብቷት፣ ማንም ሳይጫናት "እሺ" ወይም "ይቅርብኝ" ስትል ነው።

በእርግዝና ምርመራ ቂጥኝ ወይም ደም ማነስ ቢገኝ መድኃኒት አለው። የማጅራቱ ልኬት የሚፈልገው ዳውን ሲንድረም (ከጽንስ ጀምሮ ያለ፣ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ የዘረመል ለውጥ) ግን በመድኃኒት የሚድን አይደለም። ልኬቱም የሚናገረው ስጋትን ነው፤ አለ ወይም የለም አይልም። "ከ100 አንድ" ከተባለች፣ እንደሷ ካሉ 100 እናቶች የ99ኙ ልጅ የለበትም ማለት ነው። እህቴ ይህን ሳታውቅ ሦስት ሌሊት አልተኛችም።

እርግጡን ለማወቅ በመርፌ የእንሽርት ውሃ ይቀዳል። ይህ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ጽንሱ የመውረድ አደጋ አለው። ከዚያስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ካለው ማቋረጥን ይፈቅዳል። ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። አንዷን እምነቷ ይከለክላታል። ሌላዋ ልጇን ተዘጋጅታ ለመቀበል ማወቅ ትፈልጋለች። አለማወቅን የምትመርጥም አለች፤ እሱም መብቷ ነው። ይህ ሁሉ መነገር ያለበት ከልኬቱ በፊት ነው። በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ አለ። አንድ ወረፋ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይሰማል። ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው አብሮ የመጣው ሰው ነው። አማቷ እያስተረጎሙላት "አልፈልግም" የምትል ምራት እስቲ አሳዩኝ!

እህቴ መርፌውን እምቢ አለች። ባሏ ቅር ብሎት ነበር። በአምስተኛ ወሯ ስትመለስ፣ ገና አልጋው ላይ ሳትወጣ ባለሙያውን "ዛሬ ምንድን ነው የምትለካው?" አለችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበላት።