የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የደንብ ልብስና አካታች የአለባበስ ደንቦች

የደንብ ልብስ፣ በተለምዶ ዩኒፎርም የሚባለው፣ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በትምህርት ሰዓት እንዲለብሱት የሚወስነው ወጥ ልብስ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንቡ በሸሚዝ፣ በሹራብ፣ በሱሪና በጉርድ ቀሚስ ብዙ ጊዜ አያበቃም፤ የጫማውን ቀለም፣ የፀጉሩን ርዝመትና አሠራር፣ ጌጣጌጡን፣ የራስ መሸፈኛውን፣ አንዳንዴም የካልሲውን ቁመት ሳይቀር ይዘረዝራል። አካታች የሚባለው ደንብ ደግሞ ይህን ሁሉ ሲወስን የቤተሰቡን አቅም፣ የልጁን ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፀጉር ተፈጥሮና የአካል ሁኔታ ከመነሻው አስቦ የተጻፈ ነው። «ከመነሻው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው፤ ብዙ ደንቦች አንድ ዓይነት ልጅ ታስቦ ይጻፉና ከዚያ የተለየው ልጅ ሲመጣ ፈቃድ ጠያቂ ያደርጉታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የደንብ ልብስ በብዙ አገር የጥሩ ትምህርት ቤት መለያ ተደርጎ ቢታይም አጀማመሩ የችግረኞች ልብስ ሆኖ ነበር። በ1552 በለንደን የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል አባት የሌላቸውንና የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ሰብስቦ ሲያስተምር ረጅም ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ካልሲ ያለብሳቸው ነበር፤ ተማሪዎቹ ይህንኑ ልብስ እስከ ዛሬ ይለብሳሉ። የባለጸጎቹ ትምህርት ቤቶች ወጥ ልብስን የማዕረግ ምልክት ያደረጉት ከዚያ ብዙ ቆይተው ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎንግ ቢች የትምህርት አስተዳደር በ1994 በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የደንብ ልብስን ግዴታ አደረገ፤ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንም በ1996 ሐሳቡን በይፋ ደገፉ። ፖላንድ በ2007 በአገር ደረጃ ግዴታ ካደረገችው በኋላ በዓመቱ ውሳኔውን ለየትምህርት ቤቱ ትታዋለች።

ደጋፊዎች ወጥ ልብስ ሥርዓት ያስከብራል፣ በሀብታምና በድሃ ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍናል፣ የአንድነት ስሜትም ይፈጥራል ይላሉ። ማስረጃው ግን እንደ እምነቱ ጠንካራ አይደለም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከ6,000 በላይ ሕፃናትን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል ተከታትለው የደንብ ልብስ በጠባይ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ ተገንዝበዋል፤ በትምህርት ገበታ መገኘትን በተመለከተም ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ መጠነኛ መሻሻል ከማየት ያለፈ ውጤት አላገኙም። «የዚህ ትምህርት ቤት ነኝ» የሚለው ስሜት እንዲያውም የደንብ ልብስ በሚያስለብሱት ትምህርት ቤቶች ዝቅ ብሎ ታይቷል። እንዲህ ያለው ጥናት ልብሱን ማስቀረት ይሻላል ማለት አይደለም፤ ልብሱ ብቻውን ብዙ ነገር ይሠራል ብሎ መጠበቅ ግን ትክክል አይመስልም።

ወጪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳ ጉዳይ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ልብሱ ሳያልቅ ቁመቱ ያልቅበታል፤ በመስከረም የተገዛው ሱሪ በሰኔ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣል። አርማ የታተመበት ሹራብ ከአንድ የተመረጠ አቅራቢ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ልዩነትን ይሸፍናል የተባለው ልብስ ራሱ የልዩነት ምንጭ ይሆናል፤ የደበዘዘውን ሹራብ ማን እንደለበሰ ክፍሉ ሁሉ ያውቃልና። እንግሊዝ በ2021 የደንብ ልብስን ዋጋ የሚመለከት ሕግ አውጥታ ትምህርት ቤቶች ይፋዊውን መመሪያ እንዲከተሉ አድርጋለች። መመሪያው አርማ ያለባቸውን ልብሶች እንዲቀንሱ፣ ለአንድ አቅራቢ ብቻ የሚሰጥ ውል እንዳይለመድና ያገለገሉ ልብሶች የሚገኙበት መንገድ እንዲመቻች ያዛል። ቀለሙን ብቻ ወስኖ ወላጅ ከፈለገበት እንዲገዛ መተው፣ አርማውንም ለብቻው ተሰፍቶ በሚለጠፍ ጨርቅ መስጠት ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ እናት ሹራቡ ሲጠብ አርማውን ፈትታ አዲሱ ላይ ትሰፋዋለች።

የጾታ ጉዳይ በዚህ የዕድሜ ክልል ከጨዋታ ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሴት ልጆች ጉርድ ወይም ቀሚስ እንዲለብሱ ያስገድድ ነበር። ልጆቹና ወላጆቻቸው ከሰሱ። ያቀረቡት አቤቱታ ስለ ትልልቅ መርሖች ብቻ አልነበረም፤ በክረምት እግራቸው እንደሚበርዳቸው፣ ወለል ላይ ሲቀመጡ እንደሚሳቀቁ፣ በእረፍት ሰዓት ዥዋዥዌ መጫወትና መንጠላጠል እንደተዉ የሚገልጽ ነበር። የፌደራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2022 ደንቡ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ያወጡት ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ከ135 አገሮች ከተሰበሰበው መረጃ እንዳዩት፣ የደንብ ልብስ በተለመደባቸው አገሮች በአንደኛ ደረጃ የሚመከረውን የአካል እንቅስቃሴ በሚያደርጉት ወንዶችና ሴቶች ድርሻ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 9.8 የመቶኛ ነጥብ ሲደርስ፣ ባልተለመደባቸው አገሮች 5.5 ገደማ ነው። ጥናቱ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ግንኙነቱን ብቻ ያሳያል። የሆነ ሆኖ የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት ከ2019 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለሴት ልጆች የሱሪና የቁምጣ ምርጫ እንዲኖር አድርጋለች። አካታች ደንቦች ዝርዝሩን «የወንድ» እና «የሴት» ብለው ሳይከፍሉ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ቁምጣ፣ ጉርድ ብለው ያስቀምጡና ምርጫውን ለቤተሰቡ ይተዋሉ።

ፀጉር ግን ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ነው፤ ልጅ ጉርዱን ቤት ሲገባ ያወልቀዋል፣ ፀጉሩን ግን አያወልቅም። በጃማይካ በ2018 አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ድሬድሎኳን ካልተቆረጠች በተመዘገበችበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መማር እንደማትችል ተነገራት፤ የቀረበው ምክንያት ንጽሕናና ቅማል ነበር። ፍርድ ቤት በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ትምህርቷን ብትጀምርም በ2020 የተሰጠው ውሳኔ መብቷ አልተጣሰም የሚል ሆነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን የሻረው በ2024 ነው። የማላዊ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2023 የራስ ተፈሪያን ልጆች ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ወስኗል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2019 ክራውን አክት በተባለው ሕግ ሹሩባንና ድሬድሎክን የመሰሉ አሠራሮችን ከዘር ጋር የተያያዙ መገለጫዎች አድርጋ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥበቃ ሰጥታቸዋለች።

እዚህ ላይ የደንቡ አጻጻፍ ራሱ መመርመር አለበት። «ፀጉር ከኮሌታ በታች አይውረድ» የሚለው መስመር ለሁሉም እኩል የሚሠራ ይመስላል፤ የሚያስበው ግን ወደ ታች የሚወርድ ፀጉርን ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚቆም ከርዳዳ ፀጉር ያለው ልጅ በዚህ ልኬት አይያዝም፤ የሚያዘው «ያልተስተካከለ» በሚለው ሌላ መስመር ነው፤ ያ ደግሞ የተመልካቹን ዓይን እንጂ መስፈሪያ አይጠቅስም። ሹሩባ ለሳምንታት የሚቆይና ፀጉሩን ከመሰባበር የሚጠብቅ አሠራር በመሆኑ እሱን መከልከል በየማለዳው የሚደገም ሥራ በቤተሰቡ ላይ መጫን ነው። ፀጉሩ ንጹሕ ይሁን፣ ዓይን አይሸፍን፣ በስፖርት ጊዜ ይታሰር የሚል ደንብ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን ሁሉ ያስገኛል።

በሃይማኖት መለያዎች ላይ አገሮች የያዙት መንገድ የተራራቀ ነው። በወቅቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1983 ጥምጥሙን ካላወለቀ አይገባም የተባለን የሲክ ልጅ ጉዳይ አይቶ ሲኮች በዘር መድልዎ ሕጉ የሚጠበቁ ማኅበረሰብ መሆናቸውን አረጋግጧል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2007 የሂንዱ ባህል የሆነ የአፍንጫ ጌጥ ያደረገችን ተማሪ ጉዳይ ሲወስን፣ ትምህርት ቤቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ሊያደርግላት ይገባ እንደነበር ገልጿል። ፈረንሳይ በአንጻሩ በ2004 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን ሁሉ ከልክላለች፤ አመክንዮዋም እኩልነት ነው። አንዱ እኩልነትን ልዩነትን በመቀበል፣ ሌላው ልዩነትን በማንሳት ይፈልገዋል። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን የመጀመሪያው ይቀርባል፤ ራሱን የሚሸፍነው በራሱ ውሳኔ ሳይሆን በቤተሰቡ ነውና፣ ክልከላው የሚያርፈው ምንም ባልወሰነው ላይ ነው።

የአካል ጉዳትና የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ፍርድ ቤት ብዙም አይደርስም፤ በክፍል ውስጥ ግን በየቀኑ አለ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከኮሌታው ጀርባ የተሰፋው የመጠን ምልክት ቀኑን ሙሉ እንደ እሾህ ሊወጋው ይችላል፤ አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንገት የሚይዝ የላይኛው ቁልፍ፣ የካልሲ ስፌትም እንዲሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ወገቡ በስተኋላ ከፍ ያለ፣ የኋላ ኪስ የሌለው ሱሪ ያስፈልገዋል። ጉዳት የሌለበትም ቢሆን ገና ቁልፍ መቆለፍ የሚለማመድ ልጅ ቀበቶ ፈትቶ፣ ዚፕ ከፍቶ ሽንት ቤት በሰዓቱ መድረስ ይቸግረዋል። የላስቲክ ወገብ፣ ቬልክሮ ያለው ጫማ፣ በአንገት የሚጠልቅ የተዘጋጀ ክራባት ለሁሉም ከተፈቀደ ማንም የሐኪም ወረቀት ማምጣት አያስፈልገውም፤ የትኛው ልጅ በምን ምክንያት እንደለበሰውም አይታወቅም።

ደንቡ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር የሚፈተነው ጠዋት በር ላይ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ልብሱን አይገዛም፣ አያጥብም፣ ብዙ ጊዜም ራሱ አይመርጥም፤ ስለዚህ ነጭ ካልሲ አድርጎ በመምጣቱ ከሰልፍ ወጥቶ የሚቆመው ልጅ ሌላ ሰው ባደረገው ተቀጥቷል። የተሻለ አሠራር ያላቸው ትምህርት ቤቶች ጥያቄውን ለወላጅ በጽሑፍ ወይም በስልክ ያቀርባሉ፣ ልጁን ከትምህርት አይመልሱም፣ በአንድ ቁም ሣጥንም የታጠበ ትርፍ ሹራብና ሱሪ ያስቀምጣሉ፤ የሚያወጣው መምህርም ሌሎቹ ከመግባታቸው በፊት ያለብሰዋል።